ለረድኤት የተሠሩ ኮረብቶች

ሰኞ፣ ግንቦት 4

«እንዲህ ማለት እንዴት ነው ቲቸር?» አለችኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ስዬ፣ በሌላኛው እጄ አየሩን እየቀዘፍኩ፣ «በረዶው ሲያልፍ አፈሩን እንዲህ ያደርገዋል» እያልኩ ነበር። ስድሳ ተማሪ ያያል። ረድኤት አታይም። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። የፊተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣ የምናገረውን ሁሉ በብሬል ትወጋለች፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ጠቅጠቅታው ሲቆም ነው የገባኝ። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት በእኔ ነው፤ እሷ ግን በማን መስሏት እንደሆነ አላውቅም።

«እ... ማለቴ... ሞላላ ነው» አልኳት።

ሞላላ! ድንችም ሞላላ ነው።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ስታፍ ድረስ መጣች። የብሬል መጽሐፏን ገልጣ ጣቷን አስኬደችበት። «እዚህ ጋ 'ከታች ያለውን ስዕል ተመልከቱ' ይላል። ከታች ስዕል የለም። ቀጥሎ ያለው ገጽም እንደዛው ነው። ምዕራፉ ሙሉ ተመልከቱ፣ ተመልከቱ ብቻ ነው።» አልተማረረችም። መልስ እንደጎደለባት ለባለ ሱቅ እንደምትናገር ሰው ነበር የነገረችኝ።

የዲፓርትመንት ኃላፊያችንን አቶ ግርማን አማከርኳቸው። አሠራሩ የታወቀ ነው አሉኝ፤ ስዕል ያለባቸው ጥያቄዎች ለዓይነ ስውራን ይዘለላሉ፣ ውጤታቸው ከቀረው ላይ ይሰላል። «ምንም አትጎዳም እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

ለረድኤት ነገርኳት። «ከዘለልኩት አላውቀውም ማለት ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ማወቅ ነው የምፈልገው። እንደ ሌላው ልፈተን።»

ፈተናው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ዓርብ ነው። ጥያቄዎቹን አውጥቼ፣ መልሱንም ሠርቼ ካስረከብኩ ቆየሁ። «እሺ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ። በበረዶ ስለተሠራ ኮረብታ እንዴት አድርጌ ነው ለጣት የማስተምረው?


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የዛሬ ሙከራዎች፦

ሊጥ። ስመለስ ኩፍ ብሎ ኮረብታው ትራስ ሆኖ ጠበቀኝ።

ካርቶንና አሮጌ ጨርቅ። ትምህርት ቤት ወስጄ ረድኤትን አስነካኋት። ብዙ ዳሰሰችው። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ካልሲ ነው የሚመስለው» አለች።

ሳሙና መቅረጽ። አውራ ጣቴን ቆረጥኩ።

ማታ እራት ላይ ለፍሬው ነገርኩት። ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ለማንኛውም ችግር መሣሪያ አለ ብሎ የሚያምን ሰው። ሳቀና ሳቀና፣ «ማርትዬ፣ ጭቃ የሚያውቁ እናቶች ቀጨኔ ቁጭ ብለው አንቺ እዚህ ዱቄት ታባክኛለሽ?» አለኝ።

ከእኛ ሰፈር፣ ከቁስቋም፣ ቀጨኔ በእግር ይኬዳል። ይሄን ሁሉ ዓመት ጀበና ስገዛ እንኳ አላሰብኩትም።


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ከሥራ በቀጥታ ቀጨኔ ወረድኩ። ሦስት ቤት ጠየቅሁ። ሁለቱ «ኮረብታ? ለምን ይሆናል?» ብለው ሸኙኝ። ሦስተኛዋ እማማ ዘነበች ናቸው። ስልሳውን ያለፉ ይመስሉኛል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው፤ በዱካ ላይ ተቀምጠው ድስት እያለሰለሱ ነበር። መጽሐፌን ገልጬ ስዕሉን አሳየኋቸው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«በረዶ ነው እማማ።»

«በረዶ ጎመን ይበጣጥሳል እንጂ ኮረብታ ይሠራል እንዴ?»

እኔ ደግሞ መምህር ነኝና ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ይሄ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ አይደለም። በጣም ብርድ በሆነ አገር በረዶው ሳይቀልጥ ዓመት በዓመት ላይ ይከመራል፣ ይጠጥራል፣ የእንጦጦን ያህል ይወፍራል። ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቀስ ብሎ፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ ቀስ ብሎ። ከሥሩ ድንጋይና አፈር እየጎተተ፣ እየፋቀ፣ እየገፋ ይሄዳል። ሲቀልጥ ያ የተፋቀውና የተገፋው ሁሉ ኮረብታና ሸለቆ ሆኖ ይቀራል።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ከአጠገባቸው አንድ ጉብ ጭቃ አነሡና አውራ ጣታቸውን ተጭነው ጎተቱበት።

«እንዲህ?»

የጎተቱበት ቦታ ሰፊና ደልዳላ ወለል ያለው፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ቦይ ሆነ። መጽሐፉን አየሁ። ጭቃውን አየሁ። ያው ነው። በረዶ የቦረቦረው ሸለቆ፣ የዩ ቅርጽ ያለው። አንድ ገጽ ሙሉ የተጻፈበትን በአንድ አውራ ጣት ጨረሱት።

«ለማን ነው?» አሉኝ። ስለ ረድኤት ነገርኳቸው። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ሁለተኛውን ጉብ እያሹ ነበር።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የረድኤት አባት ደወሉ። አቶ ታደሰ ይባላሉ፣ ሸጎሌ በግ ነጋዴ ናቸው። ከጀርባቸው በግ ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል።

«መምህርት፣ ልጄ የሚዘለለውን ጥያቄ ልሠራ ነው አለችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከዘለለችው ምንም አይቀነስባትም። ሠርታ ከሳተች ይቀነሳል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«ታዲያ ለምንድነው? ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አንድ ዓመት ከትንሽ ነው የቀራት። ባጠራቀመችው ውጤት ነው የምትገባው። ልጄን መሞከሪያ አያድርጉብኝ።»

«እሷ ናት የጠየቀችኝ» አልኩ። የፈሪ መልስ ሆነብኝና ወዲያው ጨመርኩበት፤ «እኔም ደግሞ ትክክል ናት ብዬ ነው እሺ ያልኳት።» አንዱ በግ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። «አስቤ እነግርዎታለሁ» ብለው ዘጉ። የወላጅ ፊርማ ካልመጣ አቶ ግርማ አይፈቅዱም።

እኔም አሰብኩ። ብትወድቅስ?


ዓርብ፣ ግንቦት 8

ፍሬው አሸዋና ጠጠር ውሃ ውስጥ ከቶ በትልቅ ጀሪካን አቀዘቀዘ። ጀሪካኑን በመጋዝ ቀዶ ሲያወጣው የሕፃን ልጅ ያህል የሚከብድ፣ ከሥሩ ጠጠር የተሰካበት በረዶ ወጣ። «ይኸውልሽ፣ የጉለሌ ግግር በረዶ» አለኝ። ጓሮ ባለው እርጥብ አፈር ላይ ጎተትነው። ጠጠሮቹ አፈሩን እንደ ማበጠሪያ ቧጠጡት። በጣም ነው ደስ ያለን። ጎረቤታችን በአጥር አይታ ምን ጠፍቶባችሁ ነው አለችን።

አባትየው ገና አልደወሉም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ግማሽ ቀን እማማ ዘነበች ጋ ነበርኩ። የተሠሩት፦

ዩ ሸለቆው። ከጎኑ ደግሞ፣ ለማነጻጸር፣ ውሃ የቆረጠው የቪ ሸለቆ፣ ልክ እንደ እንጦጦ ወንዞች ከታች ጠባብ የሆነ።

ድረምሊን። ይሄ ነው ሰኞ ዕለት «እንዲህ» ያልኩት ኮረብታ። በረዶው አፈር እየገፋ የሚሠራው፤ የተገለበጠ ማንኪያ ይመስላል፣ በአንድ በኩል ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ በሌላ በኩል እየቀጠነ የሚሄድ።

የበግ ድንጋይ። ይሄኛው አፈር ሳይሆን አለት ነው። በረዶው ከላዩ ሲያልፍ አንዱን ጎን ፍቆ አለስልሶት፣ ሌላውን ጎን ገንጥሎ የወሰደበት። ከሩቅ የተኛ በግ ይመስላል ብለው ነው ስሙን ያወጡት።

ሞሬን። በረዶው ሲቀልጥ ጥሎት የሚሄደው የድንጋይና የአፈር ክምር። ይሄንን ካልሠራሁ ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

«ውስጡን አጎድጉጂው» አሉኝ እማማ። «ድፍን ጭቃ እሳት አይችልም።»

«ትንሽ እኮ ነው እማማ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ይሄን ቃል ከእናቴ ነው የማውቀው፤ አታውቂም ማለት ነው።

በመጨረሻ በምስማር በየኮረብታው ላይ ቀስት ጫርኩ፤ በረዶው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ በጣት እንዲታወቅ። እማማ አንገታቸውን አዘንብለው ቀስቶቹን አዩ።

ማታ አቶ ታደሰ መልእክት ላኩ፦ «ፈርሜያለሁ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»


እሁድ፣ ግንቦት 10

ከቸርች ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ቤት ሳንደርስ በረዶ ወረደ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ፍሬው አንዷን አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፣ «ኮረብታ ሥሪበት» ብሎ። እስክንስቅ ቀለጠች።

ሸክላዎቹን እርጥበት እንዳያገኛቸው ሰጋሁ። እማማ ዘነበች ጋ ደወልኩ። «ምድጃ ዳር ናቸው፣ ከእኔ ይልቅ ይሞቃቸዋል፣ አርፈሽ ጸልይ» አሉኝ። ደህና ቀን ነበር።


ሰኞ፣ ግንቦት 11

ነገ ሚካኤል ነው፤ እማማ ጭቃ አይነኩም። ስለዚህ መተኮሱ የግድ ዛሬ ነበር። ከሰዓት ክፍል የለኝም፣ ሄድኩ። ሸክላዎቹን በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሸፍነው ለኮሱ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው፤ እሳቸው ግን ከእሳቱ ዳር ሆነው ምንም ሳይመስላቸው ስለ ልጅ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኛል።

ድንገት «ጧ!»

የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

እሳቱ ሲበርድ በእንጨት ገለጥ አደረጉት። የእኔ ሞሬን ስባሪ ሆኗል። የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው፣ ቀይ፣ የሚያማምሩ። ዩ ሸለቆውን በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ጮኸ። እማማ ስባሪውን አንሥተው አዩትና «የድንጋይ ክምር ነው ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ተከመረ» አሉ። እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

በዘንቢል፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ እንደ አራስ ታቅፌ አመጣኋቸው። ረዳቱ «እናት፣ እንቁላል ነው?» አለኝ። «ኮረብታ ነው» አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ጠዋት በጣም ጥሩ ነበር። ከትምህርት በፊት ላቦራቶሪ ክፍሉን አስከፈትኩ። ረድኤት ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሁለቱን ሸለቆዎች ሰጠኋት። ቪውን ገና ስትነካው «ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች። «ልጅ ሆኜ ቁስቋም አክስቴ ጋ ስሄድ ወንዙ ውስጥ እንወርድ ነበር። ሁለት እግሬ እኩል አይቆምም ነበር፣ አንዱ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው።» ከዚያ ዩውን። መዳፏን ወለሉ ላይ ዘርግታ ወዲያና ወዲህ አስኬደችው። «እዚህ ኳስ መጫወት ይቻላል» አለች በመጨረሻ።

የበግ ድንጋዩን ስትይዝ ፊቷ ተቀየረ። የበግ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የበግ ጀርባ እየዳሰሰች የሰባውን ከከሳው ትለያለች። «ቲቸር፣ ይሄ በግ ላቱን ተቆርጧል» አለች። «አዎ፣ በረዶው ገንጥሎ ወሰደው» አልኳት። «ከሄደበት በኩል ነዋ የገነጠለው። ይዞት ሄደ።» እኔ ሳልነግራት።

ሞሬኑ ስለፈነዳ ፍሬው ማታ እንደ አዲስ ባቀዘቀዘልኝ ትንሽ በረዶ ተክቼዋለሁ። ትሪ ላይ እርጥብ አፈር ደልድዬ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ አድርጌ፣ በረዶውን አብረን ጎተትነው። ቀዘቀዛትና ጮኸች፣ ሳቀችም። በረዶውን ጫፍ ላይ ትተነው ሲቀልጥ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ጣቷ ሥር ወደቁ። «ይሄ ነው ሞሬን?» «ይሄ ነው።» ከስባሪው ሸክላ በጣም ይሻላል።

ከዚያ ጉብታዋን ዳሰሰች። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሸክላውን ድረምሊን ይስጡኝ አለች። ቀስቱን በጥፍሯ ተከተለች። ትሪው ላይ ያለውን ደግማ ነካች።

«ቲቸር፣ ይሄ ቀስት ተገልብጧል።»

«አልተገለበጠም።»

«ትሪው ላይ በረዶው የመጣበት በኩል ነው ወፍራም የሆነው። የሄደበት በኩል ቀጠነ። ሸክላው ላይ ግን ቀስቱ ከቀጭኑ ነው የሚነሣው። መጽሐፌም ቀጥ ያለው ጎን በረዶው ወደመጣበት ይዞራል ይላል።»

«ረድኤት» አልኳት፣ «አስራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

ድምፄን ሰማሁት። አልወደድኩትም። እሷም «እሺ ቲቸር» ብላ እጇን በመሐረብ ጠረገች።

ደወል ተደወለ፣ ወደ ክፍል ሄድን። ቀኑን ሙሉ ያቺ «እሺ» ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ መጽሐፌን ከፈትኩ።

ልክ ናት።

ከበግ ድንጋዩ ጋር አምታትቼው ነው። እሱ በመጣበት በኩል ገር፣ በሄደበት በኩል ገደል ነው፤ ድረምሊን ደግሞ ግልባጩ። መጽሐፉ በትክክል ጽፎታል። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ነው በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምገለብጠው። መጽሐፉን በጣቷ ያነበበችው እሷ ናት፤ እኔ በዓይኔ አላነበብኩትም።

አስራ አንድ ዓመት። በየዓመቱ አራት ክፍል። ፈተናውም ላይ አስራ አራተኛው ጥያቄ ይሄው ነው፣ የሰጠሁት መልስም ስህተት ነው።

ፍሬው ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ነገርኩት። «የሞተ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «እንግዲያው ነገ ሂጂና ንገሪያቸው፤ አሁን ብዪ።» በላሁ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መጀመሪያ አቶ ግርማ።

በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ገብቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ የአስራ አራተኛው ጥያቄ መልስ ስህተት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ደግሞም የዘንድሮ ብቻ አይደለም።

«ስንት ዓመት?»

«አስራ አንድ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንም ጠይቆሽ አያውቅም?»

«ማንም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ አንድ የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር አወጡ፣ ገለጡ፣ አነበቡ፣ መልሰው ከደኑት።

«አንቺ ስትመጪ ማስታወሻ የሰጠሁሽ እኔ ነበርኩ አይደል?» አሉ።

ረስቼው ነበር። እውነት ነው፣ እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው መልሱን በራሳቸው እጅ አረሙና ፈረሙበት። «ማናት ያገኘችው?» አሉኝ። ስነግራቸው፣ «የሚዘለልላት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ክፍል ነበር። ይሄኛው ከበደኝ። ረድኤትን ለብቻዋ አስቀድሜ ልነግራት ነበር፣ በኋላ ግን «አስተምሬዋለሁ» ያልኳት ለብቻዋ ቢሆንም የተሳሳትኩት በሁሉም ፊት ነው ብዬ ተውኩት። ሰሌዳው ላይ የሰኞውን ኮረብታ ከነቀስቱ ሳልኩ፣ ቀስቱን አጠፋሁ፣ አዞርኩት።

«እስከ ዛሬ ያስተማርኳችሁ ተገላቢጦሽ ነው። ያረመችኝ ረድኤት ናት። ትናንት ስትነግረኝም አልሰማኋትም። ረድኤት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጠቅጠቅታው ቆመ። «ምንም አይደል ቲቸር» አለች፣ ጆሮዋ ግን ቀላ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ፈተና ላይ የትኛውን ነው የምንጽፈው?» ብሎ ጮኸና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የታላላቅ እህት ወንድሞቻቸው ነገር ግን ከነከነኝ። ለስንቱ ልድረስ?

ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የምዋረድ ይመስለኝ ነበር።


ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ፍሬው የድረምሊኑን የተሳሳተ ቀስት በስቱኮ ደፈነው። ሲደርቅ አዲሱን ጫርኩ። ሦስት ጊዜ መጽሐፉን አይቼ ነው የጫርኩት።

ክፍል ወሰድኳቸው። ሁሉም ይንካ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ አልኩ። መጀመሪያ ቀለዱ፣ ከዚያ ቀስቶቹን በጣታቸው መከተል ጀመሩ። በክፍለ ጊዜው ሁሉ አንገቱን የማያቀና አንድ ልጅ አለ፣ ከኋላ የሚቀመጥ፤ የበግ ድንጋዩን ይዞ አልለቅም አለ። «ቲቸር፣ ስዕሉ ላይ ይሄኛው ጎን አይታይም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ስዕል አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው።

ረድኤት መሐል ቆማ ታዝዛለች፤ «ከዚህ ጀምር፣ አይደለም፣ ጣትህን አታንሣ።» ድምጿ ከእኔ ይበልጣል።

ነገ ነው።


ዓርብ፣ ግንቦት 15

ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከእሷ ጋር መግባት አይፈቀድልኝም። የታሪክ መምህሩ ዮናስ ነው ያነበበላት፤ ሸክላዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለ ስም ተደረደሩ፣ ስዕል ያለበት ጥያቄ ሲመጣ የምትፈልገውን ራሷ ታነሣለች። እኔ ሌላ ክፍል ስቆጣጠር ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ አላልኩም።

ዮናስ ሲወጣ ላብ በላብ ነው። «እኔ ነኝ የተፈተንኩት የሚመስለው» አለኝ። «ሞሬኑ የለም እኮ፣ ምን ታደርጋለች ብዬ ሳስብ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ 'የቀለጠው በረዶ እዚህ ነበር፣ ጠጠሮቹ እዚህ ወደቁ' እያለች መልሱን አስጻፈችኝ።»

እሷን በር ላይ አገኘኋት። «እንዴት ነበር?»

«አንዱን አላውቀውም» አለች። «የትኛው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።»


ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጠዋት አረምኩ። የእሷን መጀመሪያ ላየው ፈልጌ መጨረሻ አደረግኩት።

ስዕል ካለባቸው አንዱን ብቻ ስታለች። ኮንቱር ነው፣ ከፍታን በመስመር የሚያሳየው ካርታ። ልክ ናት፣ አላወቀችውም፤ እኔም አላስነካኋትም፣ ትዝም አላለኝ። በክር ይሠራል። ክርና ካርቶን። ሰኞ እጀምረዋለሁ። አስራ አራተኛውን ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አግኝቶታል።

አባቷ ጋ ደወልኩ። ውጤቱን ነገርኳቸው፣ የሳተችውንም ጭምር።

«እግዚአብሔር ይስጥዎት። የዛን ቀን ክፉ ተናግሬዎት ነበር» አሉ።

«አባት ነዎት፣ የሚጠበቅብዎትን ነው የተናገሩት።»

«አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥተውብኛል። ትናንት ከፈተናው በኋላ አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ በረዶ ነበረ ወይ ብላ አንዱን መምህር ጠይቃ፣ ባሌ ተራሮች አናት ላይ ድሮ ነበር አላት። እና ለክረምት ትምህርት ሲዘጋ ባሌ ውሰደኝ እያለች ነው። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ነበር።»

«ከቀለጠ ግን ስንት ዘመኑ! ሄዳ ምን ልታገኝ ነው?»

«ጥሎት የሄደው ድንጋይ አለ፣ አቶ ታደሰ። ትልልቅ ነው ይላሉ፣ ቤት የሚያህል ሁሉ አለ። ሰው ይነካዋል።»

አሰቡበት። «ክረምቱ ካለፈ ይሻላል መሰል» አሉ። «ብርድ ነው አይደል? መንገዱንስ ያውቁታል?»

ልዋሻቸው አልቻልኩም። አላውቀውም አልኩ፤ ስለዚያ አናት ይሄን ሁሉ ዓመት ሳወራ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።

«እንግዲያው ተጓዦቹ ሦስት ነን» አሉ።

ፍሬው ሱቅ ሄዷል። ሲመለስ አራት መሆናችንን እነግረዋለሁ።